ሜዲካል ተርሚኖሎጂ ኦንላይን ለምትማሩ፦ ስለ መልመጃዎቹ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ አሜሪካ ነርሲንግ፣ ሜዲካል አሲስታንት፣ ፋርማሲ ቴክኒሺያን፣ ሜዲካል ኮዲንግ ወይ የሆስፒታል አስተርጓሚነት ልማር ያለ ሀበሻ መጀመሪያ አካባቢ ከሚያገኛቸው ኮርሶች አንዱ ሜዲካል ተርሚኖሎጂ (የህክምና ቃላት ትምህርት) ነው፣ አሁን አሁን ደግሞ በብዛት ኦንላይን ነው የሚሰጠው፣ አስተማሪ ፊት ቁጭ ብሎ ሳይሆን በየሳምንቱ የሚለቀቅ መልመጃ እየሰሩ። እኔ ነርስ ነኝ፣ ኮርሱን የጀመሩ ልጆችም እናቶችም ደውለው የሚጠይቁኝ ነገር በጣም ስለሚመሳሰል ጥያቄዎቹን ከነመልሳቸው እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። ነገ በሽተኛ አጠገብ ስትቆሙ የሚያስፈልጋችሁ እውቀት ስለሆነ አንዳንዱ ላይ ረዘም አድርጌያለሁ፣ ታገሱኝ።

እንግሊዝኛዬ ያን ያህል አይደለም፣ ይሄን ኮርስ እችለዋለሁ?

ትችሉታላችሁ። ቃላቱ አብዛኞቹ ከግሪክና ከላቲን የመጡ ናቸው፣ እዚሁ ተወልዶ ያደገው ክላስሜታችሁም ኮሌሲስቴክቶሚ ሲባል ምን እንደሆነ አያውቅም፣ እሱም እንደናንተው ከዜሮ ነው የሚጀምረው። እንግሊዝኛው የሚያስቸግረው የመልመጃው መመሪያ ላይ ነው፣ እሱም ቢሆን ሁለት ሶስት ምዕራፍ ከሄዳችሁ በኋላ ያው ራሱ ነው የሚደጋገመው፤ አዛምዱ፣ ቃሉን በየክፍሉ ለያዩ፣ ከትርጉሙ ተነስታችሁ ቃሉን ስሩ፣ ስዕሉ ላይ ስሙን ጎትታችሁ አስቀምጡ፣ የበሽተኛውን ቻርት አንብባችሁ መልሱ፣ ከዚህ ብዙም አይወጣም።

በዛ ላይ ሳታስቡት የምታውቁት ብዙ አለ። ሀገር ቤት ጨጓራውን የታመመ ዘመድ ጋስትራይቲስ ነው ተብሎ ኢንዶስኮፒ ሲታዘዝለት ሰምታችኋል፣ ኩላሊቱን የታመመ ዲያሊሲስ ይገባል፣ ልቡን የታመመ ኢሲጂ ይነሳል፣ ደም ያነሳት ነፍሰጡር አኒሚያ አለባት ትባላለች። እነዚህ ሁሉ ኮርሱ ውስጥ አሉ። የመጀመሪያ ቀን ወረቀት አውጡና ከዚህ በፊት ሀኪም ቤት የሰማችሁትን ቃል ሁሉ ዝም ብላችሁ ፃፉ፣ ብዛቱ ራሱ ያበረታችኋል።

ቃላቱ ማለቂያ የላቸውም፣ ሁሉንም እንዴት ነው የምሸመድደው?

አትሸምድዱ! ይሄን ኮርስ ከባድ የሚያደርገው ሙሉ ቃሉን ከነትርጉሙ እንዳለ ለመያዝ መሞከር ነው። የህክምና ቃል ከቁርጥራጭ ተገጣጥሞ ነው የሚሰራው፣ መሀል ላይ ሩት አለ፣ እሱ ብዙ ጊዜ የሰውነት ክፍል ነው፣ ከፊት ፕሪፊክስ ሊመጣ ይችላል፣ የት፣ ስንት ወይ ምን ያህል የሚለውን ይነግራችኋል፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሰፊክስ፣ ምን ሆነ ወይ ምን ተደረገ የሚለውን ነው የሚነግረው። ቁርጥራጮቹ ውስን ናቸው፣ ከነሱ የሚሰሩት ቃላት ናቸው ብዙ።

ይሄ ለአማርኛ ተናጋሪ አዲስ ነገር አይደለም። መፃፍ፣ መፃፊያ፣ ፅሁፍ፣ ሶስቱንም ለየብቻ ሸምድዳችሁ አላወቃችሁም፣ ስሩን ስለምታውቁት መፃፊያ ሲባል መሳሪያው እንደሆነ፣ ፅሁፍ ሲባል ደግሞ የተፃፈው ነገር እንደሆነ ወዲያው ይገባችኋል። አሁን መልመጃው ላይ ብዙ ሰው የሚያምታቱትን ሶስት ሰፊክሶች በዚህ እዩአቸው፤ ግራፊ መፃፉ ነው፣ ግራፍ መፃፊያው፣ ግራም ፅሁፉ። ኤሌክትሮካርዲዮግራፊ የልብን ኤሌክትሪክ የመቅረፅ ምርመራው፣ ኤሌክትሮካርዲዮግራፍ ማሽኑ፣ ኤሌክትሮካርዲዮግራም ከማሽኑ የሚወጣው ወረቀት። (ራዲዮግራፍ ላይ ግን ተጠንቀቁ፣ እሱ የራጅ ፎቶው ራሱ ነው እንጂ ማሽኑ አይደለም፣ መልመጃው ላይ እየመጣ ብዙ ሰው ይጥላል።)

ኤክቶሚን እንውሰድ፣ ቆርጦ ማውጣት ማለት ነው። ሀገር ቤት ህፃን ልጅ እንጥል ይቆረጥ የሚባለው ነገር አለ አይደል፣ በህክምና ስሙ ዩቩሌክቶሚ ይባላል፣ ዩቩላ እንጥል ነው። አፔንዴክቶሚ ትርፍ አንጀት ማውጣት፣ ቶንሲሌክቶሚ ቶንሲል፣ ኔፍሬክቶሚ ኩላሊት፣ ስፕሌኔክቶሚ ጣፊያ፣ ሂስተሬክቶሚ ማህፀን። ያ የሚያስፈራው ኮሌሲስቴክቶሚም ሲፈታ ኮሌ ሀሞት፣ ሲስት ከረጢት፣ ኤክቶሚ ማውጣት፣ በቃ የሀሞት ከረጢትን አውጥቶ መጣል ነው። አንድ ሰፊክስ አውቃችሁ ስንት ቃል እንደከፈታችሁ እዩት።

ስታነቡ ከመጨረሻው ጀምሩ። ፔሪካርዳይቲስ ሲመጣ መጀመሪያ አይቲስ፣ ብግነት ማለት ነው፣ ከዛ ወደ ቃሉ መጀመሪያ ተመለሱ፣ ፔሪ ዙሪያ፣ ከዛ ካርድ ልብ፣ በልብ ዙሪያ ያለው ሽፋን ብግነት። መልመጃዎቹ ትርጉሙን የሚጠይቋችሁም ብዙ ጊዜ በዚሁ ቅደም ተከተል ነው።

አንድ የሚያናድድ ነገር ቢኖር አንድ አካል ሁለት ስም መያዙ ነው፣ አንዱ ከግሪክ አንዱ ከላቲን። የኩላሊት ሀኪሙ ኔፍሮሎጂስት ይባላል፣ ኩላሊቱ መስራት ሲያቅተው ደግሞ ሬናል ፌይለር። ቆዳ ደርማ ነው፣ ከቆዳ ስር የሚወጋው መርፌ ሲሆን ግን ሰብኩቴኒየስ። ሳንባ ላይም ኒሞና ፑልሞ አሉ። በጥቅሉ ሲታይ የበሽታና የኦፕሬሽን ስሞች ላይ ግሪኩ ይበዛል፣ አካሉን ብቻ ሲገልፁ ላቲኑ ይመጣል፣ ግን ሁሌም እንደዛ አይደለም። ስለዚህ የማጥኛ ካርድ (በአንድ በኩል ቃሉ፣ በሌላ በኩል ትርጉሙ) ስትሰሩ ሁለቱንም አንድ ካርድ ላይ አድርጓቸው፣ ለያይታችሁ ከያዛችኋቸው ፈተና ላይ አንዱ ይጠፋባችኋል።

"ቃሉን ስሩ" የሚለው መልመጃ ላይ ቁርጥራጮቹን የምታያይዘዋን ኦ መቼ አስገብቼ መቼ ነው የማወጣው?

ይሄ ጥያቄ ከሁሉም ይበዛል፣ ህጉ ግን ሶስት ብቻ ነው። አንደኛ፣ ሰፊክሱ በአናባቢ ከጀመረ ኦው ይወጣል፣ ጋስትር ላይ አይቲስ ሲጨመር ጋስትራይቲስ እንጂ ጋስትሮአይቲስ የለም። ሁለተኛ፣ ሰፊክሱ በተነባቢ ከጀመረ ኦው ይቆያል፣ ጋስትሮስኮፒ። ሶስተኛው ነው ሰው የሚጥልበት፤ ሁለት ሩት ሲገናኙ ሁለተኛው በአናባቢ ቢጀምርም እንኳን ኦው አይወጣም። ጋስትሮኢንተራይቲስን አስተውሉት፣ ኢንተር አንጀት ነው፣ በአናባቢ ይጀምራል፣ ግን እሱም ሩት ስለሆነ መሀል ላይ ኦው ቀረ፣ መጨረሻ ላይ አይቲስ ሰፊክስ ስለሆነ እዛ ጋ ኦው ወጣ። ይሄ አንድ ቃል ሁለቱን ህግ አንድ ላይ ስለያዘ እሱን ከያዛችሁ ሌላ አያስፈልጋችሁም።

ነጥብ የሚያስቀንስ ሌላ ትንሽ ነገር አለ፣ ጥያቄው "ሩት" ካለ ያለ ኦ ፃፉ፣ "ኮምባይኒንግ ፎርም" ካለ ደግሞ ከነእዝባሩ (/) እና ከነኦው። ሰፊክስ ብቻውን ሲጠየቅ ከፊቱ ጭረት ይደረግበታል፣ ፕሪፊክስ ከኋላው። መልመጃውን የሚያርመው ሲስተም ሰው አይደለም፣ ማለት የፈለጋችሁትን አይረዳላችሁም፣ የጠየቀውን ቃል በቃል ካላገኘ ቀይ ያደርጋል። መመሪያውን ሁሌም እስከ መጨረሻው አንብቡ።

መልሱን እያወቅኩት በስፔሊንግ ብቻ ዜሮ ይሰጠኛል፣ ምን ላድርግ?

በጣም ያማል፣ አውቃለሁ። እኛ የሰማነውን መፃፍ ነው የለመድነው፣ አማርኛ እንደተነበበ ይፃፋል፣ እነዚህ ቃላት ግን አይነበብም የሚባል ፊደል ይዘው ነው የሚመጡት። ጥሩው ዜና ስህተቶቹ የሚደጋገሙ መሆናቸው ነው። ኒሞኒያ፣ ሳይካያትሪ፣ ቶሲስ (የአይን ቆብ መውረድ) ሶስቱም በማይነበብ ፒ ነው የሚጀምሩት። ኮሌ ሲባል የሚሰማው ክ ነው፣ የሚፃፈው ግን በሲ ኤች ነው። ፍሰት ወይ መድማት ያለበት ቃል ላይ፣ ዲያሪያም ሄሞሬጅም፣ ሁለት አር ተከታትለው ከኋላቸው ኤች ይመጣል፣ ይሄ የኤች ነገር ብዙ ሰው ላይ ነጥብ ያስጥላል። ዜሮደርማ (የቆዳ ድርቀት) ላይ የምትሰሙት ዘ ነው፣ ፊደሉ ግን ኤክስ።

ሀገር ቤት ጤና የተማራችሁ ደግሞ ሌላ ችግር አለባችሁ፣ እጃችሁ የእንግሊዞቹን አፃፃፍ ሊለምድ ይችላል፣ አኒሚያን በኤ ኢ፣ ኢሶፋገስን በኦ መጀመር። የአሜሪካ ሲስተም ያን ስህተት ነው የሚለው፣ አኒሚያ ላይ ኢ ብቻ፣ ኢሶፋገስም ቀጥታ በኢ።

ብዙ ቁጥርም አለ። በኤ የሚያልቀው መጨረሻው ላይ ኢ ይጨመርበታል፣ እንደ ቨርቴብራ። በዩ ኤም የሚያልቀው ወደ ኤ፣ ባክቴሪየም ባክቴሪያ ይሆናል። በዩ ኤስ የሚያልቀው ወደ አይ፣ ብሮንከስ ብሮንካይ። በአይ ኤስ የሚያልቀው ወደ ኢ ኤስ፣ ዳያግኖሲስ ዳያግኖሲዝ ይሆናል።

ስልክ ላይ የምትሰሩ ከሆነ አውቶኮሬክት አጥፉት፣ ትክክል የፃፋችሁትን ወደ ሌላ ቃል እየቀየረ ነው የሚያስቀጣችሁ። ከሁሉ በላይ ግን ቃሉን አይታችሁ አትቅዱ። አንዴ እዩት፣ ሸፍኑት፣ በእጃችሁ ወረቀት ላይ ፃፉት፣ ገልጣችሁ አስተያዩ። ዘገምተኛ ይመስላል፣ ግን እጅ የያዘውን አይረሳም።

በጣም የሚመሳሰሉት ቃላት ያምታቱኛል

ጥንድ ጥንዱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ያዙ፣ ለየብቻ ስታጠኗቸው ነው የሚደበላለቁት። ሀይፐር ከልክ በላይ፣ ሀይፖ ከልክ በታች፤ ሀይፖግላይሴሚያ ያለበት ስኳር በሽተኛ ስኳሩ ወርዷል፣ ቶሎ የሚበላ ወይ የሚጠጣ ጣፋጭ ነገር ያስፈልገዋል፣ ሀይፐር ከሆነ ተቃራኒው ነው፣ አንድ ፊደል አሳስታችሁ መልመጃ ላይ አንድ ነጥብ ታጣላችሁ፣ ስራ ላይ ግን ሰው ልትጎዱ ትችላላችሁ። ይሄን የምለው ላስፈራራችሁ አይደለም፣ መልመጃው ለምን እንደሚነዘንዛችሁ እንዲገባችሁ ነው።

ዩሬተርና ዩሬትራ፤ ዩሬተር ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደው ነው፣ ሁለት ነው፣ ዩሬትራ ከፊኛ ወደ ውጪ፣ አንድ ነው። ኢልየም የሚባለው ደግሞ ሁለት ነው፣ አነባበባቸው አንድ፣ መሀሉ በኢ የሚፃፈው የትንሹ አንጀት መጨረሻ፣ መሀሉ በአይ የሚፃፈው የዳሌ አጥንት። ዲስፌጅያ መዋጥ መቸገር፣ ዲስፌዥያ የንግግር ችግር። ኦቶሚ መቅደድ፣ ኦስቶሚ ቀዳዳ ከፍቶ መተው፣ ኤክቶሚ ማውጣት። ማየሎ የሚለው የአጥንት መቅኒም ህብለ ሰረሰርም ሊሆን ስለሚችል አረፍተ ነገሩን ሳታነቡ አትመልሱ። ኦማ እጢ ነው ብላችሁ ከያዛችሁ በኋላ ሄማቶማ ሲመጣ ደንግጣችሁ ካንሰር አትበሉት፣ የተጠራቀመ ደም ነው።

መልሱ ሁሉ ኢንተርኔት ላይ አለ፣ ከዛ እያየሁ ብሞላው ምን ችግር አለው? ግሬዱ ያው አይደል?

ግሬዱ ለዛ ሳምንት ያው ሊሆን ይችላል። ግን ብዙ ኮሌጆች ሚድተርሙንና ፋይናሉን በሎክዳውን ብራውዘር ወይ በካሜራ እያዩ ነው የሚፈትኑት፣ ሌላ ገፅ አይከፈትም፣ ስልክ አይነካም፣ በመልመጃው መቶ ከመቶ ሲያመጣ የነበረ ሰው እዛ ላይ ደርቆ ይቀራል። የኮሌጁ የስነምግባር ደንብም አለ፣ ከተያዛችሁ ኮርሱ ብቻ ሳይሆን ወደ ነርሲንግ ፕሮግራሙ የመግባት እድላችሁም አብሮ ሊሄድ ይችላል።

እኔን ግን የሚያሳስበኝ ከዛ በላይ ነው። 2006 ላይ ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የሚባሉ የስነልቦና ተመራማሪዎች ተማሪዎችን በቡድን ከፍለው አንዱ ወገን ፅሁፉን ደጋግሞ እንዲያነብ፣ ሌላው አንዴ አንብቦ ከዛ ከጭንቅላቱ እያወጣ እንዲፅፍ አደረጉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን ተገለበጠ፣ ከጭንቅላታቸው ለማውጣት የታገሉት ናቸው ብዙ ያስታወሱት። መልመጃ የሚባለው ነገር ጥቅሙ እዚህ ጋ ነው ያለው፣ ቃሉ ጠፍቶባችሁ "ምን ነበር... ምን ነበር..." ብላችሁ የምትጨነቁባት ግማሽ ደቂቃ ናት የምታስተምራችሁ። መልሱን ቀድታችሁ ስትሞሉ ያቺን ደቂቃ ነው የጣላችኋት።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ፤ መጀመሪያ ደብተር ሳትከፍቱ የምትችሉትን ሁሉ ስሩ፣ የጠፋባችሁን ገምቱም ቢሆን አንድ ነገር ፃፉ፣ ከዛ መፅሀፉን ከፍታችሁ አስተካክሉ። አብዛኞቹ ሲስተሞች ሁለት ሶስት አቴምፕት ይሰጣሉ፣ የመጀመሪያውን ለራሳችሁ መለኪያ አድርጉት። የተሳሳታችሁትን ብቻ ለብቻው ወረቀት ላይ አውጡ፣ ነገ የምታጠኑት እሱን ነው እንጂ የምታውቁትን አይደለም። የምናውቀውን መደጋገም ደስ ስለሚል ብቻ ሰዓታችን እዛ ላይ ያልቃል።

ሙሉ ቀን እሰራለሁ፣ ልጆችም አሉኝ፣ መቼ ነው የምሰራው?

እሁድ ማታ ቁጭ ብሎ የሳምንቱን በአንዴ መጨረስ የብዙዎቻችን ልማድ ነው፣ ለዚህ ኮርስ ግን አይሆንም፣ ሰኞ ጠዋት ግማሹ ጠፍቶ ታገኙታላችሁ። በትንሽ በትንሹ በየቀኑ ይሻላል፣ ብሬክ ላይ፣ ባስ ውስጥ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ 15 ደቂቃም ትበቃለች። ትላንት የያዛችሁትን ዛሬ፣ ከዛ ከ3 ቀን በኋላ፣ ከዛ ከሳምንት በኋላ ድገሙት። መኪና እየነዳችሁ ከሆነ ስልኩን አትንኩ፣ ቃላቱን በድምፅ ቀድታችሁ እየሰማችሁ መመለስ ትችላላችሁ።

ልጆቻችሁን ደግሞ ተጠቀሙባቸው! አስር አመት የሞላው ልጅ ካርዱን ይዞ እናቱን መፈተን በጣም ይወዳል፣ አነባበቡንም ያርማችኋል፣ እሱም ሳያውቀው ይማራል።

አንኪ ነው ኩዊዝሌት የሚሻለው?

ሁለቱም የማጥኛ ካርድ መስሪያ አፕ ናቸው። አንኪ የመደጋገሚያውን ቀን ራሱ ይቆጥርላችኋል፣ ኮምፒውተርና አንድሮይድ ላይ ነፃ ነው፣ አይፎን ላይ ይከፈልበታል። ኩዊዝሌት ለመጀመር ይቀላል። ሌላ ሰው የሰራውን ካርድ ግን እንዳለ አትመኑ፣ ስህተት ሞልቶታል፣ ራሳችሁ ስትሰሩት ደግሞ ግማሹን እየሰራችሁ ትይዙታላችሁ።

አነባበቡን በየት በኩል ልማር?

ድምፅ ማጉያ ምልክት ያለበትን ሁሉ ጫኑ፣ ከሰማችሁ በኋላ ጮክ ብላችሁ በሉት፣ ከዛ ራሳችሁን ቀድታችሁ አዳምጡ። ቃሉ ላይ የቱ ጋ እንደሚጠብቅ አስተውሉ፣ ሎጂ ያለበት ቃል ላይ ከሎጂ በፊት ያለው ክፍል ነው የሚጠነክረው፣ ካርዲ-ኦ-ሎጂ፣ ኒውር-ኦ-ሎጂ ብሎ ኦዋን ከበድ ማድረግ፣ ግራፊና ስኮፒም እንደዛው። ሆስፒታል ውስጥ ዶክተር በፍጥነት ሲናገር ቃሉን የምትይዙት በዚህ ነው። አክሰንቴ ያስቅብኛል ብላችሁ አትፈሩ፣ ክፍሎቹ በትክክል ከተባሉ ማንም ይሰማችኋል።

አህፅሮተ ቃላቱስ? ካርዱ ላይ ያለው ከመፅሀፉ ጋር አይገጥምም

አሮጌ ካርድ ይዛችሁ ይሆናል። መያዝ ያለባችሁ ቢ አይ ዲ በቀን ሁለቴ፣ ቲ አይ ዲ ሶስቴ፣ ኪው አይ ዲ አራቴ፣ ፒ አር ኤን ሲያስፈልግ ብቻ፣ ኤን ፒ ኦ በአፍ ምንም አይሰጥ፣ እነዚህ በየቀኑ ያጋጥማሉ። ግን ሆስፒታሎችን የሚመዝነው ጆይንት ኮሚሽን 2004 ላይ አትጠቀሙባቸው ብሎ የዘረዘራቸው አሉ። ለምሳሌ ኪው ዲ (በየቀኑ) እና ኪው ኦ ዲ (በየሁለት ቀኑ) በእጅ ሲፃፉ ስለሚመሳሰሉ ቃሉ ሙሉ ይፃፋል። ለዩኒት ዩ ብሎ መፃፍም ተከልክሏል፣ ዜሮ ወይ አራት መስሎ ኢንሱሊን በአስር እጥፍ ሊሰጥ ይችላል። ከቁጥር በኋላ ነጥብና ዜሮም አይደረግም፣ 1.0 ነጥቧ ካልታየች 10 ናት፤ ከአንድ በታች ለሆነ ደግሞ ከፊቱ ዜሮ ግዴታ ነው፣ 0.5 ተብሎ። መልመጃው ላይ "የትኛው ነው ስህተት" ተብሎ ይመጣል፣ ለፈተናው ብቻ ሳይሆን ለእድሜ ልክ ያዙት።

አንዳንዱ ደግሞ ብዙ ትርጉም አለው። ፒ ቲ በሽተኛው ሊሆን ይችላል፣ ፊዚካል ቴራፒም፣ የደም መርጋት ምርመራም። ዙሪያውን አንብቡ።

ሲስተሙ አልከፍት አለኝ / ዴድላይኑ አለፈብኝ

መጀመሪያ ኮርሱን የከፈታችሁበት መንገድ ይታይ። እንደ ካንቫስ ወይ ብላክቦርድ ባለው የኮሌጁ ገፅ በኩል ካልገባችሁ በቀጥታ አሳታሚው ድረገፅ ላይ ሰርታችሁ ግሬዱ ላይመዘገብ ይችላል። ሌላው ብዙ ጊዜ ፖፕ አፕ መዘጋቱ ነው፣ ፍቀዱለት። ስዕል ላይ ስም እየጎተቱ ማስቀመጥ ያለበት መልመጃ ስልክ ላይ ያስቸግራል፣ ላፕቶፕ ከሌላችሁ የሰፈር ላይብረሪ ኮምፒውተር ነፃ ነው፣ ብዙ ላይብረሪም ላፕቶፕ ያውሳል። አክሰስ ኮድ (መልመጃውን የሚከፍተውን ቁጥር) ለመግዛት ብር ካልደረሰላችሁ አትጠብቁ፣ አንዳንድ አሳታሚዎች ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ያህል ሳይከፈል ያስገባሉ፣ ኢንስትራክተራችሁን ጠይቁ። ያገለገለ መፅሀፍ ስትገዙ ውስጡ ያለው ኮድ ተሰርቶበት ሊሆን ስለሚችል ለኮዱ ብላችሁ አትግዙት።

ሰዓቱ ላይ ደግሞ ሀበሻ ሰዓት እየቆጠርን የምንሸወድበት አለ። 11:59 ፒ ኤም ማለት በኛ ለሊት 6 ሰዓት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነው። "ሰኞ 12:00 ኤ ኤም" ካለ ደግሞ ሰኞ ማታ አይደለም፣ እሁድ ለሊት 6 ሰዓት ነው፣ ሰኞ ስትነሱ ተዘግቷል። ካለፈ ዝም አትበሉ፣ ሳይውል ሳያድር ለኢንስትራክተሩ አጭር ኢሜይል ፃፉ፣ ስም፣ የመልመጃው ምዕራፍ፣ ምን እንደገጠማችሁ፣ ስክሪኑን ፎቶ አንስታችሁ አያይዙ። ይሉኝታ ይዟችሁ ሳትጠይቁ ዜሮ አትቀበሉ፣ እዚህ ሀገር መጠየቅ ነውር አይደለም።

ቻት ጂፒቲን ብጠቀምስ?

ጥያቄ እንዲያወጣላችሁ ተጠቀሙበት፣ "ስለ ሽንት ስርአት 10 ጥያቄ ጠይቀኝ፣ መልሴን ሳልሰጥህ መልሱን እንዳታሳየኝ" በሉት። ጥሩ ልምምድ ነው። መልሱን ግን ከመፅሀፉ ጋር አመሳክሩ፣ አንዳንዴ በሙሉ ልብ ተሳስቶ ይነግራችኋል፣ በተለይ ቃሉን በየክፍሉ ሲለያይና ለአማርኛ ትርጉሙ ሲጠየቅ።

ኢትዮጵያ ነው ያለሁት፣ ሳልከፍል የምሰራበት አለ?

አለ። የዊስኮንሲን ቴክኒካል ኮሌጆች ኦፕን አር ኤን በሚባለው ፕሮጀክት ያወጡት የሜዲካል ተርሚኖሎጂ መፅሀፍ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይነበባል፣ በየምዕራፉ መልመጃም አለው። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ አንኪ ይሻላል፣ ካርዶቹን አንዴ ካወረዳችሁ ያለ ዳታ ይሰራል። ዩኒቨርሲቲ ጤና ለምትገቡ ልጆች ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ክረምቱ ላይ እነዚህን ቁርጥራጮች ይዛችሁ ብትገቡ አናቶሚ ላይ ትልቅ እፎይታ ነው።

ይሄን ኮርስ ከጨረስኩ የሆስፒታል አስተርጓሚ መሆን እችላለሁ?

ብቻውን አይበቃም፣ ግን ያለሱም አይሆንም። ዋሽንግተን ዲሲ ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ አክሰስ ህግ አላት፣ አማርኛም ከሚሰራባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው፣ ስለዚህ ፈላጊ አለ። ለህክምና አስተርጓሚነት ሰርተፊኬት ቢያንስ 40 ሰዓት የአስተርጓሚነት ስልጠና ይጠየቃል። ሰርተፊኬቱን የሚሰጠው ሲ ሲ ኤች አይ የሚባለው አካል ኮር ሲ ኤች አይ የሚል ለሁሉም ቋንቋ ተናጋሪ የሚሆን የፅሁፍ ፈተና አለው፣ እሱ ላይ ተርሚኖሎጂው በደንብ ይጠየቃል።

ለአስተርጓሚነት የምታጠኑ ካርዳችሁ ላይ ሶስተኛ መስመር ጨምሩ፣ ሰው ቤት ውስጥ የሚለውን አማርኛ። ሬናል ስቶን የኩላሊት ጠጠር፣ ሀይፐርቴንሽን ደም ግፊት፣ ዳያቤትስ ስኳር። እናቶቻችን ሀኪም ፊት ቁጭ ብለው "ብርድ መታኝ"፣ "ልቤን ወጋኝ"፣ "ሆዴን ነፋኝ" ነው የሚሉት፣ "ልቤን" ሲሉ ደረታቸውን ይሁን ጨጓራቸውን እጃቸው የት እንዳረፈ አይታችሁ፣ ካልገባችሁም ለዶክተሩ "እንዲያብራሩልኝ ልጠይቃቸው" ብላችሁ አስፈቅዳችሁ ጠይቋቸው እንጂ ገምታችሁ የህክምና ቃል አታስቀምጡበት። አማርኛው ብዙም ለማይታወቅ ቃል፣ ለምሳሌ ፓንክሪያስ ቆሽት እንደሚባል ብዙ ሰው ስለማያውቅ፣ ስሙን ብቻ ብላችሁ አትለፉት፣ ግራ ከገባቸው ሀኪሙ በቀላል ቃል እንዲያስረዳቸው ጠይቁና እሱን ተርጉሙ።